የጣፈጠው ውኃ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሰባት ጠርሙስ። ከፒያሳው ኬክ ቤት አንድ፣ ከውቤ በረሃው ቡና ቤት አንድ፣ ከስድስት ኪሎ አንድ፣ ከሰፈሬ ከአፍንጮ በር ቦኖ ሁለት፣ የቀሩት ከመንገድ ዳር ቧንቧ። ዝናብ ነው። ጫማዬ ውስጥ ውኃ ገብቷል።

በእግሬ የዞርኩት ረቡዕ ስለሆነ ነው። ረቡዕ የውይይት ክበብ አለ። መ/ቤቱ በሙሉ፣ ሾፌሩም ጭምር፣ አዳራሽ ገብቶ ግራ እጁን ያነሳል፣ መፈክር ያሰማል። እኔ በእምነቴ እጄን ስለማላነሳ በስም መቆጣጠሪያው ላይ «ለናሙና ወጥታለች» ነኝ። የሚጽፉልኝ ጋሽ መርዕድ ናቸው፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጽፈውልኛል። ጴንጤ መሆኔን ያውቃሉ። አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ወደ ሥራዬ። ጠብታውን ጨመርኩ። ውኃው ክሎሪን ካለው ወዲያው ቢጫ ይሆናል። አልሆነም። ሁለተኛው ጠርሙስ፣ እሱም አልሆነም። ሰባቱም ጥርት ብለው ቁጭ።

ጠብታው አርጅቶ ይሆናል ብዬ ከጽዳት ሠራተኛዋ በረኪና ለመንኩ። በአንዱ ላይ ትንሽ ጠብ አደረግኩ። ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካን መሰለ። እንግዲህ ጠብታው ደህና ነው። ባዶው ውኃው ነው።

ለጋሽ መርዕድ ነገርኳቸው። ተነስተው በሩን ዘጉት። በማጣሪያው ክሎሪኑን ወደ ውኃው የሚያስገባው ማሽን ከቅዳሜ ጀምሮ ቆሟል አሉኝ። የሚያውቁት እሳቸውና የማሽኑ ኦፕሬተር ብቻ ነበሩ። አሁን ሦስት ሆንን። እንደ ወትሮው ጻፊ አሉ። እንደ ወትሮው ማለት የክሎሪኑ ልክ ዜሮ ነጥብ አራት።

ጻፍኩ። ሰባት ጊዜ። ፈረምኩ። ምንም አልተሰማኝም፣ ደብተር። እግሬ ብቻ በርዶኛል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 4

ለምን ማሽኑ ተበላሸ ብለው ሪፖርት አያደርጉም ትላለህ። እኔም ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። ሳቅ ከተባለ።

በዚህ ዘመን ማሽን በራሱ አይበላሽም፣ የሚያበላሸው ሰው አለ። ስሙም አሻጥር ነው። ባለፈው ዓመት የፓምፕ ሞተር ተቃጠለ። ሞተሩ ያረጀ ነበር፣ ሁላችንም እናውቃለን። ተረኛውን ወሰዱት። ከስምንት ወር በኋላ ተመለሰ። አሁን መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ ብሎን ይለያል። ሰላም ስትለው ወደ በሩ ያያል።

ጋሽ መርዕድ አራት ልጆች አሏቸው። የጎደለችው ዕቃ አንዲት ጎማና አንዲት ቫልቭ ናት። ፒያሳ በሚያውቁት መካኒክ በድብቅ አስቀርጸው ነበር። አንድ ቀን ሠራች፣ ክሎሪኑ በላት። ሌላ እያስቀረጹ ነው። አስመራ ያለ ዘመዳቸውም ዕቃዋን እየፈለገ ነው።

ክሎሪኑን በእጅ ማስገባት አይቻልም ወይ አልኩ። ዱቄቱን ከመጋዘን ለማውጣት ምክንያት መጻፍ አለበት። ምክንያቱ የማሽኑ መቆም ነው። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገሩ። «ማርታ፣ ሦስት ዓመት ስጽፍልሽ ምን ጠይቄሽ አውቃለሁ?» አሉኝ።

ምንም፣ አልኩ። እውነት ነው። ምንም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 6፣ ጠዋት

ግቢያችን ውስጥ ፌሽታ ነው። ለተብርሃን በርሜሏን እየሞላች ታዜማለች። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት፣ የአድዋ ልጅ፣ ፒያሳ ክርና ቁልፍ ትቸረችራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ አሰብ ሄዷል። ሰላም የምትባል የአሥራ አንድ ወር ልጅ አለቻት። አራት ጥርስ። ስታየኝ ጣቴን ትነክሳለች።

ቅመሺማ ማርታዬ አለችኝ። ጣሳውን አፌ ድረስ አመጣችው። ያ የበረኪና ሽታው ጠፋ፣ እንደ ምንጭ ውኃ ጣፈጠ አለች። በፍልሰታ ነው የጣፈጠው፣ እመቤቴ ናት አለች። እኔ በእመቤቴ ነገር እንደማልከራከራት ታውቃለች። እሷም ስለ ጴንጤነቴ አትነካኝም። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ቀመስኩ። እውነትም ይጣፍጣል።

አፍልተሽ ብትጠጪ ጥሩ ነው አልኳት፣ ክረምት ነውና። ውኃ ይፈላል እንዴ፣ ሻይ ነው እንዴ ብላ ሳቀች። በተለይ የሰላምን አልኳት። ፊቴን አየች። እሺ ለልጅቷ አፈላለሁ አለች። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝ ምን እላት ነበር? የቧንቧ ውኃ አትጠጡ ያለ ሰው አሉባልታ ነዛ ተብሎ ቀበሌ ይጠራል። እኔ ከተጠራሁ ደግሞ ነገሩ በውኃው አያቆምም፣ እሑድ እሑድ ቤት ለቤት የምንጸልየው ሁሉ ይመዘዛል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 8

ባዶ። ጻፍኩ፣ ዜሮ ነጥብ አራት። አንዳንዱን ዜሮ ነጥብ ሦስት አደረግኩ፣ እውነት እንዲመስል። ይኼን ማንም አላዘዘኝም። በራሴ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ!

ረቡዕ፣ ነሐሴ 10

ጠርሙሶቼን ይዤ ዞርኩ። የውቤ በረሃው ባለ ቡና ቤት አቶ ሽኩር ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ። ድሮ የእናንተን ውኃ ስጠጣ የውስጥ ካናቴራዬ ሳይቀር ይነጣ ነበር አሉ። ደንበኞቹ ሳቁ። አሁን ግን ማኪያቶው ማኪያቶ ሆነ፣ እጃችሁ ይባረክ አሉ። ሻይ በነጻ ካልጠጣሽ ብለው ያዙኝ። ጠጣሁ። ሻይ የፈላ ነው፣ ችግር የለውም። ይህን ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ለራሴ ሲሆን አስቤበታለሁ።

የሰፈሩ ሰው የምስጋና ደብዳቤ እየፈረመ ነው አሉኝ። ለምኑ? ለውኃው።

ከዚህ በፊት ስለ በረኪናው ሽታ ስንት አቤቱታ ጽፈዋል፣ መልስ አላገኙም። አሁን ሽታው ሲጠፋ አቤቱታችን ተሰማ ብለው ነው። ቦኖው ጋ ሴቶቹ በጣታቸው እየፈረሙ ነበር። አንዷ የውኃው መ/ቤት ሠራተኛ አይደለሽም ወይ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

ሰባት ጠርሙስ፣ ሰባት ባዶ፣ ሰባት ውሸት። እጄ በራሱ ይጽፋል፣ እኔ መስኮቱን አያለሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 12፣ ከሰዓት

ደብዳቤው መጣ። በቀበሌው ማኅተም። ካድሬው ሁላችንንም ግቢ ውስጥ ሰብስቦ አነበበው። ሰፊው ሕዝብ ለላቦራቶሪው ጓዶች ከልብ የመነጨ ምስጋና ያቀርባል ይላል። ክፍላችን ለሥራ ውድድሩ ታጨ። ቀይ አርማ በላቦራቶሪው በር ላይ ይሰቀላል።

ሁሉም አጨበጨበ። ጋሽ መርዕድም አጨበጨቡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔም አጨበጨብኩ። ደብተር፣ እየዋሸሁህ አይደለም፣ ከሁሉም መጨረሻ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ማቆም ረስቼ።

በኋላ ጋሽ መርዕድ ወደ ላቦራቶሪው ገቡና አሁን ደግሞ ጭራሽ አለቀልን አሉ። የተሸለመ ክፍል ማሽኑ ከሁለት ሳምንት በፊት ቆሟል ቢል ምን ይሉታል? «ዝም አይነቅዝም» አሉና ወጡ። ሁለተኛዋ ጎማም ተበልታለች።

እሑድ፣ ነሐሴ 14

ጸሎት ነበረን፣ በአንድ ወንድም ቤት፣ ስምንት ሆነን፣ መስኮት ዘግተን፣ በለሆሳስ። የሚያስጨንቀው ካለ ይናገር ተባለ። ሌላው ተናገረ። ሥራ ያጣ አለ፣ ልጁ ዘመቻ የሄደበት አለ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ደህና ነኝ አልኩ። ሆድ ይፍጀው።

ስመለስ ለተብርሃን በሯ ላይ ቁጭ ብላ ለሰላም የዱቄት ወተት ትበጠብጣለች። ከበርሜሉ እየቀዳች። ቀጥታ ከበርሜሉ። አላፈላሽውም እንዴ አልኩ። ላምባዋ አልቋል። የቀበሌው ሱቅ በኩፖን የሚያድለው ከሃያ በኋላ ነው። ከሰል ደግሞ በዚህ ዝናብ ረጥቧል፣ አይያዝም። አንዳንድ ቀን ምን አላት አለች፣ ውኃው እንደሆነ ንጹሕ ነው።

እኔ ግማሽ ጀሪካን ላምባ አለኝ። አልጋዬ ሥር። አሰብኩት። እስከ ሃያ ብዙ ቀን አለ፣ እኔስ በምን አበስላለሁ ብዬ አሰብኩ። ብሰጣት ደግሞ ይቺ ሴት ስለ ውኃው ምን ብታውቅ ነው ትላለች ብዬ አሰብኩ። ሁለቱንም አሰብኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 16

የፍልሰታ ጾም ተፈታ። ግቢው ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ለተብርሃን ግን አልፈሰከችም፣ ምግብ አስጠላኝ አለች። ሰላም ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል። ጥርስ እያወጣች ነው ትላለች ለተብርሃን። ሌሎቹም ሴቶች ጥርስ ነው አሉ።

የሰላም ዓይን ወደ ውስጥ ገብቷል። ጣቴን ሰጠኋት። አልነከሰችኝም።

አሁን ሄጄ ጀሪካኑን ሰጠኋት። አመሰገነችኝ! እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 18፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ

ወረፋ ይዘን ነው የምጽፈው። ለተብርሃን ልጇን ታቅፋ ታወዛውዛለች። ወረፋው እስከ ውጪ በር ነው። ብዙ እናት፣ ብዙ ሕፃን፣ ዝምታ። ሕፃን በሞላበት ቦታ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

(በኋላ።) ነርሷ ከየት ናችሁ አለች። አፍንጮ በር። ከዚያ ወገን ሰሞኑን በዛ አለች። ውኃ ከየት ነው የምትጠጡት? ለተብርሃን የቧንቧ ነው አለች፣ ከመቼውም የጣፈጠ። ነርሷ ጻፈች። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። የመ/ቤት መታወቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ስጧት አሉ። ውኃውን አፍልታችሁ አሉ። ላምባ አለን፣ አሁን። ግሉኮስ የሚሰጠው አልጋ ሲለቀቅ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ተመለሱ።

ዛሬም ላቦራቶሪ ገብቼ ጻፍኩ። ከምሳ በኋላ ደረስኩና ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 20

ሰላም ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አረፈች። ልብሷን አልብሰናት፣ ልንወጣ ስንል።

ለተብርሃን ዋይ አነ፣ ዋይ አነ ትላለች በትግርኛ። ሌላ ቃል የላትም።

እሑድ፣ ነሐሴ 21

ቀበርናት። ሕፃን ስለሆነች ለቅሶው አይበዛም፣ ቶሎ ይነሳል። አንዲት አሮጊት አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይወጣልሻል አሉኝ። አልወጣልኝም። ምንም የለም። ውስጤ ሜዳ ነው። ለተብርሃን እንኳ አዘነችልኝ። ማርታዬ ትወዳት ነበር፣ ደርቃ ቀረች ብላ ለሰው ትነግራለች። የተረፈውን ላምባ አመጣችልኝ። ከእንግዲህ ለማን አፈላለሁ አለች።

በዚያው ላምባ ለለቅሶተኛው የሚጠጣ ውኃ ሳፈላ ዋልኩ። እንስራ ሙሉ። ይቺ ጴንጤ ምን ነካት፣ የፈላ ውኃ ለብ ብሎ ይጠጣል እንዴ አሉ። ጠጡ፣ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ዞረው አዩኝ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 22

በር ዘግቼ ነገርኳቸው። ዛሬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ልጇ ሞተች አልኩ። ጋሽ መርዕድ ተቀመጡ። በውኃው ይሁን በሌላ ምን ታውቂያለሽ አሉ። አላውቅም፣ እውነት ነው። ላውቅ የምችለው ብመዘግብ ነበር።

በእርስዎ ቤት ውኃ እንዴት ነው የሚጠጣው ብዬ ጠየቅኳቸው።

ነገሩኝ። ባለቤታቸው ታፈላለች። ማሽኑ ከቆመበት ቀን ጀምሮ።

አልተቆጣኋቸውም። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፣ መጀመር አቃተኝ። እኔም አቶ ሽኩር ቤት ሻይ መርጫለሁ። አለቀሱ፣ ትልቅ ሰው፣ በመሐረብ። አስመራ ያለው ዘመድ ዕቃውን አግኝቷል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል አሉ። ሁለት ሳምንት ብቻ ዝም በይልኝ አሉ። ዝም አይነቅዝም ብለው ነበር። ነቅዟል፣ አልኳቸው። የጤና ጣቢያውን ወረፋ ነገርኳቸው።

አሁን ዜሮ ብትጽፊ ያለፈውን ለምን አልጻፍሽም ይሉሻል አሉ። ሁለታችንንም ነው የሚወስዱን። አንቺን ደግሞ በጴንጤነትሽ ደርበው። ይህም እውነት ነው። ጋሽ መርዕድ ውሸት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፣ ይጽፉታል እንጂ። እኔም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 23፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

መዝገቡ ላይ ዜሮ ብጽፍ ማን ያየዋል? ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት ይህን ነው። መዝገቡ ሲሞላ ጋሽ መርዕድ ካቢኔ ውስጥ ይገባል፣ ይቆለፋል። ለአለቃ ብነግር ወደ ካድሬው ይመራኛል፣ ካድሬው ወደ ማረፊያ ቤት፣ ውኃውን ግን ማንም አይነካውም።

በዚህ መ/ቤት ሁሉም ሰው ባለበት የሚነገር ነገር አንድ ቦታ ብቻ ነው። ረቡዕ፣ አዳራሽ፣ ሂስና ግለ ሂስ ሲባል። እዚያ የተነገረ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ አንዱ ቅጂ ወደ ላይ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን መቶ የሚያህል ሰው ይሰማዋል። መቶውም ማታ የሚገባበት ቤት አለው፣ ቤቱ ውስጥ በርሜል አለ።

ነገ እገባለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ለጋሽ መርዕድ ነገርኳቸው። ስወጣ የነገን ሰባት ጠርሙስ አጥበው ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረውልኝ ነበር። ሂጂ፣ እንደ ወትሮሽ ውጪ ማለታቸው ነው። ለእኔ ብለው ይሁን ለልጆቻቸው እንጃ። ለሁለቱም ይመስለኛል። አሳዘኑኝ። ይኼ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ነው፣ ደብተር፣ ከስንት ቀን በኋላ። ጠርሙሶቹን እዚያው ተውኳቸው። ማሽኑ በእርጅና ቆመ እላለሁ እንጂ ስማቸውን አልጠራም። ቢጠይቁኝም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ፊርማው የእኔ ነው።

አንድ ችግር አለ። ዕድል የተሰጠው ሰው ከመናገሩ በፊት ተነስቶ፣ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ያሰማል። እኔ አላነሳም። ከሦስት ዓመት በፊትም አላነሳሁም፣ ነገም አላነሳም። ስለዚህ ዝም ብዬ ተነስቼ እጀምራለሁ። ካድሬው ጓድ መፈክሩስ ይላል፣ አዳራሹ ይንጫጫል፣ አንድ ሁለት ሰው መጥቶ ክንዴን ይይዘኛል። ለካሁት። ከመቀመጫዬ እስከ በሩ ያለውን ሳይሆን ከአፌ የሚወጣውን። ቢበዛ ሁለት ዓረፍተ ነገር አደርሳለሁ።

ስለዚህ የምናገረውን ቅደም ተከተል አስተካከልኩ። በፊት የጻፍኩት ስለ ማሽኑ ይጀምር ነበር፣ ሰረዝኩት። ስለ ሰላምም ነበር፣ እሱንም ሰረዝኩት፣ እሷ ጋ ስደርስ ድምፄ የሚከዳኝ ይመስለኛል።

አንደኛ፦ የቧንቧው ውኃ መድኃኒት የለውም፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አፍልታችሁ ጠጡ።

ሁለተኛ፦ አለው ብዬ ስጽፍ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ አላዘጋጀሁም።